የቆላ ሹራብ

ድሬዳዋ ተቀምጬ ሹራብ እሠራለሁ ስል ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ «ለማን?» ይላል። አይፈረድበትም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ ሹራብ መልበስ ቀርቶ የተሰቀለውን ማየትም ላብ ያመጣል። ልጄ ሹራብ የሚለብሰው አዲስ አበባ አክስቱ ጋ ሲሄድ ብቻ ነው፤ ሲመለስም ገና ባቡር ጣቢያው ላይ አውልቆ ቦርሳ ውስጥ ይከተዋል።

«ለማን?» ለሚለው መልሴ ለሄዱት ነው። ድሬ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ሰው ይመጣባታል፣ ሰው ይሄድባታል። የእኛም ቤት ከዚህ አላመለጠም። ታናሽ ወንድሜ ሥራ አግኝቶ ደብረ ብርሃን ገባ። እህቴ አዲስ አበባ ናት፤ ባለፈው ዓመት ወለደች። አክስቴ ሐረር ናት። ቆላ የቀረነው እናቴ፣ እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ነን። የሄዱት በሙሉ ከእኛ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናቸው፤ ሁሉንም ይበርዳቸዋል። ስለዚህ ከእጄ የሚወጣ ሹራብ ሁሉ የደንገጎን ዳገት ይወጣል፤ ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ግማሹ በግራ ወደ ሐረር፣ ግማሹ በቀኝ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።

መሥሪያዎቼ የአባቴ እጅ ሥራ ናቸው። የሠራቸው ለእናቴ ነበር፤ ወደ እኔ የዞሩት ዓይኗ ሲደክም ነው። አባቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራ ነበር። ቀጫጭኖቹን ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ነው የቆረጣቸው፤ ያኔ ድሬ ውስጥ ብስክሌት እንደ ልብ ስለነበረ ሽቦው አይቸግርም። አንዱን ጫፍ በሞረድ አሹሎ በአሸዋ ወረቀት አልስልሶታል፤ በሌላው ጫፍ ላይ የሽቦዋን ትንሽ ብሎን ሳይነካ ትቷታል። የክሩ ቀለበቶች በኋላ በኩል ሾልከው እንዳይወድቁ የምትይዘው እሷ ናት። ወፍራሞቹ ለብየዳ ከሚያገለግል የናስ ዘንግ የተቆረጡ ናቸው። ናስ ክር ያንሸራትታል፣ ለፈጣን እጅ ይመቻል፤ የድሬ ላብ ሲነካው ግን ይሸታል፣ ነጭ ክር ላይም ያጠቁራል። ለነጭና ለክሬም ቀለም እህቴ የላከችልኝን የቀርከሃ መሥሪያ ነው የምጠቀመው። ቀርከሃ ክሩን ትንሽ ይይዘዋል፤ ሥራው ይዘገያል፣ እጅ ሲያልብ ግን ቀለበት አያመልጥም።

ምን መቼ እንደሚሠራ የሚወስነው ሙቀቱ ነው። የትልቅ ሰው ሹራብ ጀርባው ግማሽ ሲደርስ ጭን ላይ አያስቀምጥም። ስለዚህ ጀርባና ደረት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ያልቃሉ። ከመጋቢት ወዲህ የሚያዘው ጭን የማይነካ ነገር ነው፤ እጅጌ፣ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ የዳንቴል ቁራጭ። ቀን ላይ ከተማው ጥላ ፍለጋ ሲገባ፣ ግማሹ ሲተኛ ግማሹ በርጫ ላይ ሲቀመጥ፣ ያን ሰዓት ሥራ ካልገባሁ ከቬንትሌተሩ ጎን ሆኜ ጥቂት ረድፍ እጨምራለሁ። ፊት ለፊቱ መቀመጥ አይቻልም፤ ክሩን እያነሳ ያጠላልፈዋል። ደህና ሥራ የሚወጣው ግን ማታ ነው፤ ግቢ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ጎረቤት ከጎረቤት በአጥር ሲያወራ።

የክሩ ጉዳይ ሌላ ታሪክ ነው። ታይዋን ገበያ ብትሄዱ ክር ሞልቷል፤ አብዛኛው ግን አክሪሊክ ነው። ክፋት የለውም። ይረክሳል፣ ቀለሙ አይለቅም፣ እንዳገኙ ቢያጥቡት አይኮማተርም። ግን ፕላስቲክ ነው፤ ላብ አይመጥም፣ ከቡናው ከሰል ፍንጣሪ ካረፈበት ደግሞ ይቀልጣል። ደጋ ላለ ሰው፣ በተለይ ጠዋት ምድጃ ዳር ለሚቀመጥ፣ ሱፍ ነው የሚሻለው። የሱፍ ክር ፍለጋ ብዙ ዞሬ ተስፋ ስቆርጥ ሰልባጅ ተራ ገባሁ። ክሩን ካላገኘሁ ሹራቡን ገዝቼ ልተረትረው አልኩ።

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፤ የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙ ናቸውና።

ሰልባጅ ሹራብ ሲገዙ መጀመሪያ መታየት ያለበት ውስጡ ነው። ገልብጣችሁ የጎኑን ስፌት ተመልከቱ። ጠርዙ በመቀስ ተቆርጦ በኦቨርሎክ የተሰፋ ከሆነ ተዉት፤ ሲፈታ እያንዳንዱ ረድፍ ለብቻው ተቆርጦ ክንድ የማይሞላ ቁርጥራጭ ክር ነው የምታገኙት። ጠርዙ ሳይቆረጥ ሁለቱ ወገን በቀጭን ክር ብቻ ከተያያዘ ግን ያ ልብስ ከታች እስከ ላይ አንድ ክር ነው። ቀጥሎ ምልክቱን አንብቡ፤ ምልክቱ ከተቆረጠ ከስፌቱ ውስጥ አንዲት ጭራ ክር ስባችሁ ክብሪት ለኩሱባት። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቃል። አክሪሊክ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። እኔ ይህን ሁሉ ሳደርግ ሻጩ ትዕግሥቱ አለቀና፣

«አቦ፣ ልትለብሺው ነው ወይስ ልታነቢው?» አለኝ።

ልተረትረው ነው ስለው ዋጋውን ትንሽ ቀነሰልኝ። ለምን እንደቀነሰ እስካሁን አልገባኝም፤ ምናልባት አዝኖልኝ ይሆናል።

መተርተሩ የሚጀምረው ሥራው ካለቀበት ጫፍ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንገቱ። አንዴ መንገዱን ካገኘ ይፈሳል፤ ልጄ ክሩን እየሳበ ግቢውን ሲሮጥበት ነው የዋለው። የወጣው ክር የቀለበቱን ቅርጽ ስለያዘ የተጨማደደ ነው። በወንበር መደገፊያ ላይ እጠመጥመዋለሁ፣ አራት ቦታ ላላ አድርጌ አስረዋለሁ፣ ለብ ባለ ውሃ ነክሬ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ከታች አንጠልጥዬበት እሰቅለዋለሁ። ክብደቱ ጭምድድቱን ያወጣዋል። ሙቅ ውሃ አይሆንም፤ ሱፍ በሙቅ ውሃ ከታሸ ይያያዝና ይቀራል። ቆላ መኖር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ በክረምት ቀናት የሚፈጀውን ማድረቅ እዚህ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ይጨርሰዋል።

ጠቆር ባለ ሰማያዊ ሱፍ የወንድሜ ሹራብ የተሠራው እንዲህ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከድሬ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። የሚገርመው የሱፍ አገር መሆኑ ነው። የመንዝ በግ እዚያው ነው፣ ባናው እዚያው ነው፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚያው ነው፤ እኔ ደግሞ ከድሬ ሰልባጅ ተራ ሱፍ እልካለሁ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ «ለቀበሪቾ ሻጭ ቀበሪቾ ላክሽ» አለኝ። ልኩን በስልክ ነው የወሰድኩት። ሰውነትህን ለካ አላልኩትም፤ ሰው ራሱን ሲለካ ሆዱን ያስገባል። የሚወደውን ሹራብ አልጋ ላይ ዘርግቶ ደረቱን፣ ቁመቱንና እጅጌውን እንዲለካልኝ ነገርኩት። ከዚያ አሥር በአሥር ሳንቲሜትር የሆነ ቁራጭ ሠርቼ፣ አጥቤ፣ አድርቄ ቀለበቶቹን ቆጠርኩ። ሌላው ማባዛት ነው። ቁራጩን ሳያጥቡ የሚቆጥሩ አሉ፤ ሱፍ ከታጠበ በኋላ ስለሚፈታ ቁጥሩ ይለወጣል፣ ሹራቡም ለሌላ ሰው ይሆናል።

ስለ እህቴ ልጅ ብዙ አላወራም። ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ከፊት የሚቆለፍ ትንሽ ሹራብ፣ ሁሉም በጥጥ ክር። ቀዳዳ የሚበዛበት ዲዛይን ለሕፃን አልሠራም፤ የሕፃን ጣት ይገባና ይጠመጠምበታል። ለ80 ቀኗ ክርስትና ደርሶ ነበር፤ ኮፍያው ለፎቶ ብቻ አገልግሎ ጭንቅላቷ ጥሎት ሄደ። የሕፃን ልብስ ዕድሜው ይኸው ነው፤ ለዚያውም ቀጣዩ ዘመድ ሲወልድ ይተላለፋል።

ዓመቱን ሙሉ ያከራከረኝ የአክስቴ ሹራብ ነው።

ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት። ለአዲስ አበባ ሰው ሞቃት ናት፣ ለእኛ ግን ደጋ ናት። አክስቴ ጠዋት ጠዋት ትከሻዋን ይይዛታል፤ ለእሷ ብዬ ከወንድሜ የተሻለ ሱፍ መርጬ፣ ክሬም ቀለም፣ ደረቱ ላይ ገመድ የመሰለ ጉንጉን እየወረደበት ሠራሁላት። ዚፑን እኔ አልነካሁትም። በእጅ የተሠራ ሹራብ ስለሚለጠጥ ዚፕ ሲሰፋበት ይወዛወዛል። ወደ ሐረር ስሄድ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ወስጄ ለአንድ ሽማግሌ ሰጠሁት። እሱ ከስፌት መኪናው ድምፅ በላይ እየጮኸ ስለ ኳስ ያወራል፤ እጁ ግን አልተሳሳተም። ከሹራቡ ሥር ቀጭን ጨርቅ አስገብቶ ዚፑን ጨርቁ ላይ ሰፋው። ይህን ዘዴ እኔ አላውቀውም ነበር፤ አሁን ለሁሉም እናገራለሁ።

አክስቴ ለብሳ በመስታወት አየችው፣ መረቀችኝ፣ አወለቀችው። ከወራት በኋላ ስመለስ በዚያ ብርድ ጠዋት ነጠላ ደርባ ምጣድ ፊት ተቀምጣለች።

«ሹራቡስ?»

«አለ።»

«የት?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ናፍታሊን አድርጌበት። ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

«እንድትለብሺው ነው እኮ የሠራሁልሽ!»

«የሰው ዓይን የፈሰሰበትን ልብስ ለብሼ እንጀራ ልጋግርበት? አብደሻል እንዴ አንቺ ልጅ? የክት ነው።»

(ድሬና ሐረር አንቱታ ላይ ብዙ አንጨነቅም። አክስቴን አንቺ ነው የምላት፤ አንቱ ብላት የተቆጣሁ ይመስላታል።)

እኔ የክት ልብስ የሚባለውን ነገር አልወደውም። ለበዓል ተብሎ ይቀመጣል፣ በዓሉ ሲመጣ ይሞቃል፣ ከዚያ ብል ይበላዋል። ይህንኑ ነገርኳት። እሷ ግን የምትሸነፍ ሴት አይደለችም። እጄን ይዛ ጁገል ውስጥ የምትኖር ሐረሪ ወዳጇ ቤት ወሰደችኝ። ቤቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ መደቡ ከፍና ዝቅ ብሎ ምንጣፍ ተነጥፎበታል፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የአክርማ ስፌት ነው። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ሐምራዊ፤ ሁሉም በሴት እጅ አንድ በአንድ የተሰፋ። አክስቴ ወደ ግድግዳው በአገጯ እያሳየች፣ «በዚህ እንጀራ ሲቀርብ አይተሻል?» አለችኝ። የቤቱ እመቤት ሳቀችና አንዱን አውርዳ አስያዘችኝ። አያቷ የሰፋችው ነው። የአክርማው ጥብቀት ጥፍር አያስገባም። ለዘወትር ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ተረስቷል።

መልስ አጣሁ። አሁንም ቢሆን ሙሉ መልስ የለኝም። ስፌቱ ሲሰቀል ይታያል፣ ቤቱ የሚያምረው በእሱ ነው፤ ሹራብ ግን ሳጥን ውስጥ ሆኖ ለማንም አይታይም፣ ማንንም አያሞቅም። ይህን ልላት አስቤ፣ ከአክስቴ ጋር ከመከራከር መሥራት ይቀላል ብዬ ተውኩት።

ድሬ ተመልሼ ከየሹራቡ የተራረፈውን ሱፍ ሰበሰብኩ። ሰማያዊ፣ ቡኒ፣ የደበዘዘ ቢጫ፣ አንድ ምን እንደሆነ ስም የማይወጣለት አረንጓዴ። ሳልመርጥ እያፈራረቅኩ፣ ያለ ጉንጉን፣ ያለ ዚፕ፣ በሦስት ትልልቅ ቁልፍ ሁለተኛ ሹራብ ሠራሁላት። ሆን ብዬ ነው ያስጠላሁት። አየችውና ፊቷን አጨፈገገች፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከላይዋ አልወረደም። ገበያ ትሄድበታለች፣ ቡና ታፈላበታለች፣ ምጣድ ፊት ትቀመጥበታለች። ፍንጣሪ አርፎበት አንድ ቦታ ጠቁሯል፤ ሱፍ ስለሆነ አልቀለጠም። ክሬሙ እስካሁን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው።

እናቴ ደግሞ በተቃራኒው ናት። ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ስትሄድ ሌሊቱ ስለሚበርድ ሰፋ ያለ የአንገት ልብስ ሠራሁላት፤ አንገት፣ ትከሻ፣ ካስፈለገም ጀርባ የሚሸፍን። ለብሳው ሄደች፣ ሳትለብሰው ተመለሰች። «አንዲት አራስ ነገር ልጇን አቅፋ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ በረዳት፣ ሰጠኋት» አለች። የት አገር ሰው እንደሆነች እንኳን አልጠየቀቻትም። ተናደድኩ። የአንገት ልብስ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ሥራው ግን ዳር የለውም፣ ያው አንድ ዓይነት ረድፍ ሺህ ጊዜ። እናቴ ቁጣዬን አይታ «ለገብርኤል የተሳልኩት ነው በይው» አለችኝና ነገሩን ዘጋችው።

ለራሴ ቤት የሠራሁት ከሹራብ ይልቅ ዳንቴል ነው፤ በኪሮሽ፣ በጥጥ ክር። ዳንቴል ላይ አቋሜ የታወቀ ነው። እናቴ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ነገር አልነበረም፤ ሶፋው በጀርባና በክንዱ፣ ሬዲዮው፣ ፍሪጁ፣ የውሃ ማጣሪያው። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ከሁሉም ይበልጥ ነበር፤ ፊት ለፊት በሦስት ማዕዘን ይወርድና ዜና አንባቢውን ግንባሩ ላይ ይሸፍነዋል። ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ሲመጣ ዳንቴሉ መቀመጫ አጣ። እናቴ አዝናለች። እኔ አላዘንኩም፤ ዕቃ ለማልበስ ብዬ ጣቴን አላደክምም።

የሠራሁት የበር መጋረጃ ነው። ድሬ ውስጥ በር ቀን አይዘጋም፣ መጋረጃ ነው የሚዘጋው፤ የጨርቅ መጋረጃ ግን ነፋስ ይከለክላል። በሰንሰለት እየወጣሁ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየከፈትኩ፣ ከውጭ ውስጡን የማያሳይ፣ ነፋሱን ግን የሚያስገባ ወረድኩበት። ታችኛው ጫፉ ላይ እንዳይነሳ ዶቃ አለው። ከዚያው ክር ለቀፊራ ገበያ የሚሆን ቦርሳ ወጣ፤ ባዶውን ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ሲሞላ ማንጎና ዘይቱን እየተለጠጠ ይቀበላል። ፌስታል ሊቀር ነው መባል ከጀመረ ወዲህ ጎረቤቶቼ ሁሉ አዘውኛል።

መጋረጃው የሚያስቸግረው ሲታጠብ ነው። የድሬ ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል፤ የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን ማየት ነው። ሳሙናው ከካልሲየሙ ጋር ይያያዝና ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ክሩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጥጡ ይገረጣል፣ ይደርቃል። በመጨረሻው እጥበት ላይ ውሃው ውስጥ ጥቂት አቼቶ ጨምሩ፤ ያለሰልሰዋል፣ ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል። ዝናብ ሲገኝ የጣራ ውሃ ከሁሉም ይሻላል። ሶፋ ላይ የሚቆም ዳንቴል ለሚፈልጉ ግን ይህ ውሃ በነጻ የተገኘ አሚዶ ነው።

«ለምን አትሸጪውም?» የሚሉኝ አሉ። የአንድ ሹራብ ሰዓቱ ቢሰላ ሰልባጅ ተራ ካለው ጋር አይወዳደርም፤ እዚያው የገዛሁትን ተርትሬ እዚያው ልሸጥ ማለት ነው። አንድ የማልክዳት ደንበኛ ግን አለችኝ፤ የአጥር ጎረቤቴ። ለእሷ በብር አልሠራም፣ በሳምቡሳ ነው። በየረመዳኑ ትልካለች፤ የድሬን ሳምቡሳ የበላ ዋጋውን ያውቃል። ዘንድሮ የፈለገችው ለፍሪጅ ዳንቴል ነው። አቋሜን አስረዳኋት፤ ዕቃ አላለብስም አልኳት። «አቦ ተይኝ፣ ፍሪጁ በርዶት ነው» አለችኝ። ልኩን ወስጃለሁ። የምትፈልገው የሎሚ ቀለም ነው፣ ታይዋን ደግሞ የሎሚ ቀለም ጥጥ ክር ጠፍቷል፤ ከረመዳን በፊት ካልደረሰ ሳምቡሳው የለም ብላኛለች።